ጋሽ ገረሱ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ

ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከፖሊስ ጣቢያው አጥር ጥግ፣ አንድ ሰማያዊ ጥላ፣ አንድ አሮጌ የትምህርት ቤት ዴስክና ሁለት ወንበር አለ። አንደኛው ወንበር የጋሽ ገረሱ ነው፣ ሁለተኛው የባለጉዳይ። ከጥላው ጀርባ ያለችው በሯ አረንጓዴ የሆነች ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ የእኔ ናት። ሀይፋ እባላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ እሳቸው በእጃቸው ይጽፋሉ፣ እኔ በኮምፒውተር እተይባለሁ፣ ባለጉዳዩ ይፈርምና ወደሚሄድበት ይሄዳል። ስለ እሳቸው ለማውራት ከእኔ የተሻለ ሰው አለ ብላችሁ አትድከሙ፣ የለም።

ጋሽ ገረሱ ከነቀምቴ መጥተው ሃያ ስድስት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ዴስካቸውን በጋሪ አስጭነው እዚህ መጡ። ልጆቻቸው ተቆጥተው ነበር አሉ፤ «አባባ፣ አሁን እንኳ እረፍ» ብለዋቸው። እሳቸው ግን «ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልጽፍ? ግድግዳው ላይ?» ብለው ጥላቸውን ዘረጉ። ማመልከቻ ጸሐፊ በመሆኑ እንደ እሳቸው የሚኮራ ሰው አይቼ አላውቅም። የሸሚዝ ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፣ አንዱ ለጽሑፍ፣ አንዱ ለፊርማ። የፊርማውን ለማንም አያውሱም። ለሁሉም ጽሑፍ ካርቦን ያስገቡና ቅጂውን ያስቀምጣሉ። እኔ ጎናቸው ፎቶ ኮፒ ማሽን ገትሬ ካርቦን ሲገዙ ሳይ ደሜ ይፈላል። «የአንቺ ማሽን መብራት ሲሄድ ይሞታል፤ ካርቦን ግን አይሞትም» ይሉኛል።

በፊደልም ተጣልተናል። እኔ የተየብኩትን እያነበቡ «ምሕረት በሐመሩ ሐ ነው» ይሉኛል፣ በሃሌታው በጻፍኩ ቁጥር። «ጋሽ ገረሱ፣ ሰውየው እኮ ምሕረቱን ካገኘ ፊደሉ ምን ያደርግለታል?» ስላቸው «ቃሉ ካልተስተካከለ ምሕረቱም ጎደሎ ነው» ብለው እንደገና ያስተይቡኛል። ወረቀቱ የእኔ፣ ቀለሙ የእኔ!

ዋናው ነገራቸው ግን ጥያቄያቸው ነው። ማንም ሰው መጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚለውን ይሰሙና «ምን ማለትህ ነው?» ይላሉ። ሰውየው ያብራራል። እንደገና «ምን ማለትህ ነው?» ይላሉ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ከዚያ በፊት እስክሪብቶው ወረቀት አይነካም። አንድ ቀን አንድ ሰው እያለከለከ መጥቶ «ጎረቤቴ ሊገድለኝ ነው፣ ጻፉልኝ» አላቸው። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የጎረቤቱ የጣሪያ ውሃ በእሱ ግቢ በኩል እንደሚወርድ ታወቀ። «ሰው መጀመሪያ የሚናገረው የተናደደውን ነው» ይሉኛል፣ «ሁለተኛ የሚናገረው የሰማውን ነው። የራሱን የሚናገረው ሦስተኛ ላይ ነው።»

ቤቴል ውስጥ ባለች አንዲት መካከለኛ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እሳቸው አርብ አርብ ሱቄን ዘግቼ ስሄድ ይጠብቁልኛል፣ እሳቸው ሲሄዱ እኔ የእሳቸውን ዴስክ እጠብቃለሁ፣ በረመዳን ደግሞ ውሃ ሲጠጡ ጀርባቸውን ይሰጡኛል። የዕርቅ ወረቀት ከእሳቸው በላይ የሚጽፍ የለም ይባላል። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ርስት ያጣላው ወንድማማች፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ይላካል። ስንቱ እያለቀሰ መጥቶ ተቃቅፎ ሲሄድ አይቻለሁ። የምወዳቸውም በዚህ ነው። ስለዚህም ነው አሁን የማወራው ነገር አጥንቴ ድረስ የሚሰማኝ።

ሌሊሴ የምትባል ሴት አለች። እሷም የወለጋ ልጅ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት በጽዳት የምትሠራ። የምትሄደው ጋሽ ገረሱ ከሚሄዱባት ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጇ ሜቲ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሥራ እስክትወጣ ከትምህርት ቤት ቀጥታ እኔ ጋ ትመጣና የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እየሠራች ታንጎራጉራለች። ሜቲ ስትዘምር ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ እንኳ አይሄድም። ጋሽ ገረሱም እስክሪብቷቸውን ያስቀምጡና «እቺ ልጅ ሥራዬን ልታበላሽብኝ ነው፣ እሷ እየዘመረች ክስ መጻፍ አልችልም» ይላሉ። በምሳ ሰዓት ብርቱካናቸውን ልጠው ግማሹን የሚሰጡት ለእሷ ነው። አባቴ ትላቸው ነበር።

ከመስቀል በኋላ ሜቲ መዘመር አቆመች። ጉሮሮዋን አሟት ይሆናል ብዬ ማር በሎሚ አደረግኩላት፤ ጠጣችው፣ አልዘመረችም። ጥር ላይ ለእናቷ ተናገረች። የኳየሩ አሰልጣኝ፣ ሚሊዮን የሚባለው፣ በልምምድ ቀን ሌሎቹን ልጆች እየሸኘ እሷን ለብቻዋ ያስቀር ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረሰባትን እኔ እዚህ አልጽፍም። የእሷ ነው፤ ለሚመለከተው ተናግራለች፣ ይበቃል።

ሌሊሴ ያን ዕለት ልጇን ይዛ በጥላው ፊት ለፊት ሳትቆም አልፋ ጣቢያ ገባች። ማመልከቻም አላስፈለጋት። ሲመለሱ ጋሽ ገረሱ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ነበር። ሜቲ ስታልፍ ብርቱካን ዘረጉላት፤ ሳታይ አለፈች።

ሚሊዮን ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ወጣ። ሁለት ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ጠፋ፣ በሦስተኛው እሁድ መጣ። እኔ አልነበርኩም፤ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ገረሱ ነገሩኝ።

«በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ አለቀሰ» አሉኝ። «ሕዝቡም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ ሀይፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፓስተር ይገዙ ማይኩን ይዞ ወደ ሌሊሴ ሄደ። 'እህታችን፣ ወንድምሽን ይቅር ብለሽዋል ወይ?' አላት።»

«በማይክ?»

«በማይክ።»

«እሷስ?»

«ምን ትላለች? ያ ሁሉ ሰው እያያት። 'ይቅር ብያለሁ' አለች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።»

«ሜቲስ?»

«ሜቲ አልነበረችም።»

«እሷን የጠየቃት ሰው አለ?»

ጋሽ ገረሱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ብዙ ጠረጉት። እኔ መሳቢያዬን በኃይል ዘግቼ ገባሁ። የሰው ቤተ ክርስቲያን ምን አገባሽ የሚለኝ ይኖራል። እኛም ጋ «አውፍ በሉ፣ ይቅር ተባባሉ» እየተባለ ስንት ነገር አፈር እንደለበሰ አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው የተናደድኩት።

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ፓስተር ይገዙ ነው፣ ወጣት፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ። ሁለተኛው አቶ ጃለታ ናቸው፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ከጋሽ ገረሱ ጋር ነቀምቴ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ። ሁለቱ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ገሬ» አሉ አቶ ጃለታ፣ «የእሁዱን ነገር በጽሑፍ አድርግልን። እናትየው ይቅር ብላለች። ይቅር መባሉ ተገልጾ ክሱ እንዲቀር ለጣቢያው ይጻፍ። ሐሙስ እሷን ይዘናት መጥተን ትፈርማለች።»

«ጃሌ፣ ይህ ነገር እኮ እናት ብትተወውም መንግሥት የማይተወው ነው። የልጅ ጉዳይ ነው።»

«እሱማ አውቃለሁ። ግን ወረቀቱ ገብቶ እናትና ልጅ ካልቀረቡ መዝገቡ በራሱ ይተኛል። መዝገብ እንዴት እንደሚተኛ አንተ ታጣዋለህ?»

«አላጣውም» አሉ ጋሽ ገረሱ ቀስ ብለው።

ፓስተር ይገዙ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ጋሼ፣ ሰውየው ተሰብሮ ነው የመጣው። ጌታ የማረውን እኛ እስር ቤት ልንከተው ነው? የቤተ ክርስቲያኒቱስ ስም?»

ጋሽ ገረሱ ዴስካቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ዛሬ ካርቦን ጨርሻለሁ። ሐሙስ ኑ» አሉ።

ካርቦን ጨርሻለሁ! ያን ዕለት ጠዋት ሙሉ ፓኮ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ሰዎቹ ሲመጡ በጉልበታቸው ገፍተው ከዴስኩ ሥር ሲደብቁት አይቻለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰዎቹ እንደሄዱ «ሀይፋ፣ ሳጥኖቼን አውጪልኝ» አሉኝ። የቅጂ ሳጥኖቻቸው እኔ ጓዳ ነው የሚቀመጡት፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው። የ2008ን ከፍተው ብዙም ሳይፈልጉ አንድ ሉህ አወጡና ሰጡኝ። ቦታውን የሚያውቁት መሆኑ ገረመኝ።

ወረቀቱ በእሳቸው ያማረ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። «በወንድም ሚሊዮንና በእህት ሩሃማ መካከል ስለተፈጠረው አለመግባባት በሽማግሌዎች ፊት ቀርበን በእግዚአብሔር ፍቅር ይቅር የተባባልን ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከዛሬ ጀምሮ እንዳልነበረ ይቆጠር» ይላል። ከሥሩ የልጅቷ አባት ፊርማ፣ የሚሊዮን ፊርማ፣ ከዚያ ምስክሮች፤ ጃለታ፣ ገረሱ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ይኼው ሚሊዮን ነው?»

«እሱ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበር። ሕይወቱ አይበላሽ አልን።»

«ሩሃማ ስንት ዓመቷ ነበር?»

«አሥራ አራት።»

«ምን አለች ስትጠይቋት?»

ጋሽ ገረሱ መሬት መሬት አዩ። «ውጭ ቆማ ነበር። አባቷ ፈረመ፣ ይዟት ሄደ። ከዚያ ሐዋሳ ገቡ። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳትም ሀይፋ። አንድ ጊዜ።»

«'አለመግባባት' የሚለውን ቃል ማን ነው ያመጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያኔ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ለምን እኔ ጋ አላስተየቡትም?»

«አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ ፈርቼ።»

ሱቄን በሁለት ቁልፍ ቆልፌ ወጣሁ። እስከ ኮልፌ ድረስ በእግሬ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። ረቡዕን ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። ለአንዲት ፊደል እኔን ሦስት ጊዜ የሚያስተይቡ ሰው፣ በአንዲት ሕፃን ላይ የተደረገውን ነገር «አለመግባባት» ብለው ጽፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት! ምሕረት በሐመሩ ሐ ነው እያሉ! እንዲህ እያልኩ በሆዴ ስሳደብ ዋልኩ። ወደ ማታ ግን ከጥላው ሥር ጎንበስ ብለው ያንን ሉህ ሲያዩ አየኋቸው። መጥላት አልቻልኩም። መጥላት ብችል እንዴት ዕረፍት ነበር።

ምን እንደሚያመዛዝኑ ገብቶኛል። ሉሁን ወደ ሳጥኑ ቢመልሱት ማንም አያይም። አቶ ጃለታ አይናገሩም፣ የሩሃማ አባት ሩቅ ነው። ሚሊዮንም አንድ ጊዜ የወደቀ፣ ያለቀሰ፣ የተማረ ሰው ሆኖ ይቀጥላል። ሉሁ ጣቢያ ከገባ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የወደቀ አለመሆኑ ይታወቃል፤ አብሮ ግን የእሳቸውና የልጅነት ወዳጃቸው ስም ከሥሩ ተጽፏል። ሃያ ዓመት የተቀመጡበት የሽማግሌ ወንበር፣ ሬሳቸው የሚሸኝበት ጉባኤ፣ ሁሉም እዚያ ሉህ ላይ ነበር።

ሐሙስ መጡ። ፓስተር ይገዙ፣ አቶ ጃለታ፣ በመካከላቸው ሌሊሴ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባ። ባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ቆሙ። እኔ በሬ ላይ ሆኜ ወረቀት የምቆጥር መሰልኩ።

«ሌሊሴ» አሉ ጋሽ ገረሱ፣ «እሁድ ዕለት ምን አልሽ?»

«ይቅር ብያለሁ አልኩ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

አቶ ጃለታ ሳቅ አሉ። «ገሬ ደግሞ! ይቅር ማለት ይቅር ማለት ነው፤ ምን ትርጉም ያስፈልገዋል?»

«ጃሌ፣ ወንበሩ ላይ ያለችው እሷ ናት» አሉ ጋሽ ገረሱ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ።

«አልረግመውም ማለቴ ነው። ሌሊት እየተነሣሁ እሳት ይብላው አልልም። ለጌታ ሰጥቼዋለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ፓስተር ይገዙ ሰዓቱን አየ። ሌሊሴ ነጠላዋን ከአገጯ ላይ አወረደችው።

«ኦቦ ገረሱ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። እሁድ ማይክ ሰጥተው አንድ ቃል ጠየቁኝ፣ አንድ ቃል መለስኩ። ከዚያ እነሱ አንዱን ቃል ሁለት አደረጉት። ሰውየውን ይቅር ብዬዋለሁ። ክሱ ይቅር ግን አላልኩም። ክሱ አይቀርም።»

መንገድ ላይ የታክሲ ረዳቶች «ቤቴል! ቤቴል!» ይላሉ።

ፓስተር ይገዙ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ይቅርታ እኮ ግማሽ የለውም። ከልብ ከሆነ በደሉን መርሳት ነው።»

«እኔ ብረሳ ልጄ ትረሳለች? ነገ ኳየር የምትገባዋስ ልጅ? እሷም ስታለቅስ ማይክ ትሰጧት ይሆን?»

እውነቱን ለመናገር የፓስተሩ ፊት ላይ እፍረት አየሁ፤ ለእሱም መልካም ጅምር ነው። ጋሽ ገረሱ ከዴስኩ ሥር ካርቦኑን አወጡ። ጽፈው ሲጨርሱ ጮክ ብለው አነበቡት። «እኔ ወይዘሮ ሌሊሴ፣ በእምነቴ መሠረት ይቅር ያልኩና ቂም የሌለኝ ስሆን፣ በሕግ የተያዘው ጉዳይ ግን እንዲቋረጥ ያልጠየቅኩና የማልጠይቅ መሆኔን አረጋግጣለሁ።» የፊርማ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ለሰው ሲሰጡት ያየሁት ያኔ ነው።

«ይህን ወስደን ምን እናደርገዋለን?» አሉ አቶ ጃለታ።

«እናንተ አትቸገሩ፤ ጣቢያው ቅርብ ነው፣ እኔ አደርሰዋለሁ።»

ሁለቱ ሄዱ። አቶ ጃለታ ሰላምታም አልሰጡ። ሌሊሴም ልትነሣ ስትል ጋሽ ገረሱ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ። አሁን ቦታ እንለዋወጥ» አሏት። ግራ ገብቷት በእሳቸው ወንበር ተቀመጠች። እሳቸው ዞረው የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያ ላይ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም፤ ያነሱ መሰሉኝ።

«ሌሊሴ፣ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች። ልማዳቸውን እየመለሰችላቸው እንደሆነ ያወቀች አይመስለኝም። ቦታው ነው ያናገራት።

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ወረቀት ጽፌ ነበር።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ስለ ሚሊዮን የተጻፈ ነው። የዕርቅ ወረቀት።»

«ምን ማለትዎ ነው ኦቦ ገረሱ?»

«ከሜቲ በፊት ሌላ ልጅ ላይ ይህንኑ አድርጓል። እኔ አውቅ ነበር። አለመግባባት ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት። እውነቱን ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሜቲን የሚያስተምር ሰው አይሆንም ነበር።» ሉሁን ዴስኩ ላይ አኖሩት።

ሌሊሴ አላነበበችውም፣ እጇን ግን አኖረችበት። «ልጄ አባቴ ነው የምትለው እርስዎን» አለች። ደግማ አለችው። ከዚያ አለቀሰች፣ ሳትከናነብ፣ ድምፅ ሳታወጣ። ጋሽ ገረሱም አለቀሱ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ የያዝኩትን ንጹሕ ወረቀት አጨማደድኩት።

«ይቅር በይኝ» አሏት በመጨረሻ።

ሌሊሴ ፊቷን ጠረገች። «ይቅር ብዬዎታለሁ። ዛሬ በአፌ ነው፣ ልቤ ቀስ እያለ ይደርሳል። መመስከርዎ ግን አይቀርም።»

«አይቀርም» አሉና ተነሡ።

ጣቢያው ሃያ እርምጃ ነው። የሄድነው ሦስታችን ነን፤ እኔን የጠራኝ የለም፣ ኮፒ ያስፈልጋል ብዬ ተከተልኩ። መርማሪው ሳጅን ደሜ የሚባል ልጅ ነው፤ ጋሽ ገረሱን እንደ አባት ያያቸዋል። ቃላቸውን እየተቀበለ፣ ከሉሁ ላይ ያለውን እያየ ይጽፍ ጀመር። ጋሽ ገረሱ አንገታቸውን አስግገው የሚጻፈውን ያነባሉ። መቼም ልማድ ነው።

«ሳጅን፣ ቆይ። 'ስለተፈጠረው አለመግባባት' አልክ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ሰርዘውና ጥቃት በል።»

ሳጅን ደሜ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ሰረዘና ጻፈ። ጋሽ ገረሱ ፈረሙ፣ ከሉሁ በታች ያለውን የድሮ ፊርማቸውን ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። ከጣቢያው ስንወጣ ወጉን ረስቼ ክንዳቸውን ያዝኩ፣ ቀድሞ አድርጌው አላውቅም። «ተኮሳትረሽብኝ የከረምሽው አበቃ?» አሉኝ። «ግማሹ» አልኳቸው።

ይህ ከሆነ ስድስት ወር አለፈው። ጋሽ ገረሱ የሽማግሌነቱን ወንበር ራሳቸው ለቀቁ፤ እሁድ እሁድ አሁን ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አቶ ጃለታ እስካሁን አያናግሯቸውም። ሩሃማን መርማሪዎቹ አግኝተዋታል፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትመጣለች ወይ አትመጣም የእሷ ነው። ጋሽ ገረሱ በሳጅን ደሜ በኩል አጭር ደብዳቤ ልከውላት ነበር፤ መልስ አልመጣም፣ መልስ እንድትሰጣቸውም አልጠየቋትም። ፓስተር ይገዙ ከዚያ ወዲህ ማይክ ይዞ ወደ ማንም ሴት ሲሄድ ታይቶ አያውቅም ይባላል። ሚሊዮን የሚቀርብበት ቀጠሮ መስከረም ላይ ነው። ጋሽ ገረሱ ለቀጠሮው የሚለብሱትን ኮት ከወዲሁ አሳጥበው እኔ ጓዳ ሰቅለውታል።

ሜቲ እንደገና መምጣት የጀመረችው በዚህ ሳምንት ነው። ያንኑ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ትናንት ጋሽ ገረሱ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ይዘው ገቡ። ካርቶኑ ፊት፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ቁጢጥ አሉ።

«ሜቲ፣ እናትሽ የነገረችሽን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በዚህ ነገር አንቺን የጠየቀሽ ሰው የለም። እኔ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ይቅር ትዪኛለሽ?»

ሜቲ ብርቱካኑን ተቀበለች። አንድ ክፋይ ገመጠች፣ ሌላም ገመጠች። ማሽኑን አጥፍቼ ከጀርባው ቆምኩ።

«አሁን አይደለም» አለች።

ጋሽ ገረሱ ሁለተኛ አልጠየቁም።